የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከዓመታት በኋላ ወደ ኮርቻ መመለስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ተወልጄ ያደግሁት እንጅባራ አካባቢ ሲሆን እስከ 26 ዓመቴ ድረስ ከፈረስ ጀርባ አልወረድሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ባሕር ዳር ገብቼ ከ20 ዓመት በላይ ኮርቻ ላይ ሳልወጣ ቀረሁ። ዛሬ የ47 ዓመት ሰው ነኝ፤ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው፤ ሥራዬ የሒሳብ ሥራ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ፤ ደረጃ ስወርድም ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ታናሽ ወንድሜ በሰኔ ወር አንድ ዳማ ፈረስ ልኮልኝ አማቼ ዘንድ፣ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል፤ ክረምቱን ሣር ሲግጥ ከርሞ በጣም ሰብቷል። ምኞቴ በመጪው ጥር 23፣ በፈረሰኞች በዓል፣ እንጅባራ ወጥቼ ከወንድሞቼ ጋር መጋለብ ነው። ባለፈው እሑድ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ለመሞከር ወጥቼ ጥቂት ከጋለብሁ በኋላ ስወርድ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ለሦስት ቀን ያህልም ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የቀረኝ አራት ወር ይበቃኛል? ከየትስ ልጀምር? (ደ. ነኝ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አራቱ ወር በሥርዓት ከተሠራበት በሰልፉ ላይ ከወንድሞችዎ ጋር ተሰልፈው ለመውጣትና ለዘብ ያለ ግልቢያ ለመጋለብ ይበቃል፤ ለሽቅድምድምና ለጉግስ ግን አይበቃም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ተስፋዎን ለመቀነስ ሳይሆን፣ ቀኑ የተቆረጠ በዓል የዝግጅቱን ፍጥነት ሲወስን ብዙ ጊዜ ጉዳት ስለሚያስከትል ነው። ጥር 23 የሚከበረው በዓል፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ የኖረ ትልቅ በዓል መሆኑን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሜዳው በሕዝብ የተሞላ ነው፤ ፈረስ በፈረስ መካከል ሲገባና እልልታውን ሲሰማ ይሞቃል፤ ጸጥ ባለው የሐይቅ ዳር መንገድ በአንድ እጅ የሚታዘዘው ዳማ እዚያ ሜዳ ላይ ሁለት እጅና የጠነከረ ጀርባ ይጠይቃል።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ፈረስ የሚመለስ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ጨርሶ ፈረስ ከማያውቀው ጀማሪ የበለጠ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። ጀማሪው ስለሚፈራ ቀስ ይላል። እርስዎ ግን ዛቡን እንዴት እንደሚይዙ፣ ፈረሱ ሲያሻቅብ እንዴት ወደ ፊት እንደሚያዘነብሉ በልጅነትዎ የተማሩት ሁሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ይህን ዕውቀት የሚሸከመው የጭን፣ የወገብና የሆድ ጡንቻ ነው። የልብና የሳንባ ብርታት ከእንቅስቃሴ በራቁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ የጡንቻ ጉልበትም በየዓመቱ ይሸረሸራል። በእሑዱ ሙከራዎ የሆነውም ይኸው ነው፤ ልምድዎ «ጋልብ» አለ፤ ጭንዎ ግን ፈረሱን ለማቀፍ ለዓመታት ያልሠራበትን ሥራ ተገድዶ ሠራ። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጎልቶ ከዚያ የሚለቅ ከሆነ የተለመደ የጡንቻ ሕመም ስለሆነ ሊያሳስብዎ አይገባም። በብሽሽት አካባቢ እብጠት ከታየ፣ ወይም ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ ሕመምና መደንዘዝ ካለ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነውና ሳይመረመሩ እንደገና አይውጡ።

ምርመራን ካነሣን ዘንድ፣ በ47 ዓመት ዕድሜ ለዓመታት ተቀምጦ የሠራ ሰው ከባድ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት የደም ግፊቱንና የስኳር መጠኑን ማወቅ ይገባዋል። ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ፤ ጉልበትዎንም በዚያው ያሳዩ። ደረጃ ሲወርዱ የሚሰማ የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጭን ጡንቻ መድከም ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጡንቻው ሲጠነክር አብሮ የሚቀንስበት አጋጣሚ ብዙ ነው። እስከዚያው እርካብዎን ከለመዱት ይልቅ በአንድ ቀዳዳ ያስረዝሙት፤ አጭር እርካብ ጉልበትን አጥፎ ስለሚይዝ ያባብሰዋል። ሲወጡም ከመሬት ከመዝለል ይልቅ ድንጋይ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ይውጡ፤ ይህ ለጉልበትዎም ለፈረሱ ጀርባም ይበጃል። ወጣቶቹ ቢስቁ ይሳቁ።

በሥራ ቀናት ፈረሱ ዘንድ መድረስ እንደማይችሉ እገምታለሁ፤ ስለዚህ የዝግጅቱ ግማሽ የሚሠራው በከተማው ውስጥ ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ ወደ ሥራ በብስክሌት መሄድ ትንፋሽንና የጭንን የፊት ጡንቻ ያጠነክራል። ይሁን እንጂ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብስክሌቱ ብዙ አያደክምም፤ በዚያም ላይ ጀርባን ያጎብጣል፤ ፈረሰኛ የሚያስፈልገውን የውስጥ ጭን ጡንቻም አይነካውም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል በቤዛዊት ኮረብታ በኩል በእግርዎ ይውጡና ይውረዱ፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ ቤትዎ ውስጥ ጀርባዎን ግድግዳ አስደግፈው ወንበር ላይ የተቀመጡ ያህል ጉልበትዎን አጥፈው መቆየትን፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ መያዝን፣ በጉልበትዎ መካከል ትራስ አስገብተው መጭመቅን ይለማመዱ። ፈረሰኛ ተረከዙን ወደ ታች አድርጎ የሚቀመጥ በመሆኑ የባት ጅማት መሳብ አለበት፤ የደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ፊት ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ወደ ታች መልቀቅ ይበቃል። በሐይቁ ውስጥ ለመዋኘት ያሰቡ እንደሆነ ግን ቢቀርብዎ እመርጣለሁ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ።

ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም እንደሚገባም አይርሱ፤ ጾሙ እስከ ገና ስለሚዘልቅ የልምምድዎ ዋነኛ ጊዜ በጾም ውስጥ ነው። የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ በማለዳ ከማድረግ ይልቅ ከበሉ በኋላ ወደ 10 ሰዓት አካባቢ ያድርጉት። ጡንቻ የሚገነባው በፕሮቲን ስለሆነ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን በመጠን ሳይሆን በርከት አድርገው ይብሉ። ዓሣውን በተመለከተ፣ በዚህ ከተማ በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ ክርክሩን ለንስሐ አባትዎ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ፈረሱ እንመለስ፤ በደብዳቤዎ አንድ መስመር ብቻ ስለ እርሱ ጽፈዋል፤ የሚያሳስበኝ ግን ከእርስዎ ይልቅ እርሱ ነው። ክረምቱን ሣር ሲግጥ የሰባ ፈረስ እንደ እርስዎ ሁሉ ሥራ የፈታ ነው። ሲታይ ያምራል፤ ጠጉሩ ያብረቀርቃል፤ ግን ስብ ጉልበት አይደለም። የፈረስ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይሻሻላሉ፤ ጅማቱ ለመጠንከር ወራት ይፈጅበታል፤ አጥንቱና ሸኮናው ደግሞ ከዚያም በላይ ይዘገያሉ። በሁለተኛው ወር ገደማ ፈረሱ ብርቱ መስሎ፣ ለመጋለብም እየጓጓ፣ ውስጡ ግን ገና ያልጠና የሚሆንበት ጊዜ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ብዙ ፈረሶች በፊት እግራቸው ጅማት የሚጎዱትም በዚህ ወቅት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ወርና ከዚያም በኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ በእርምጃ ብቻ ያሳልፉት። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በግማሽ ሰዓት ጀምሮ ወደ አንድ ሰዓት የሚያድግ ረጋ ያለ ጉዞ ይበቃዋል፤ እርስዎ የማይደርሱባቸውን ቀናት የአማችዎ ልጆች እየመሩት ቢያንሸራሽሩት ልክ እንደዚያው ይጠቅመዋል። ቀጥሎ በጠንካራና ደረቅ መሬት ላይ አጫጭር ሶምሶማ ይግባ፤ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አምስት ደቂቃ እርምጃ እየተባለ። ግልቢያ የሚጀመረው በኅዳር መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያውም አጭርና ለዘብ ያለ፣ በሳምንትም ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ። የክረምቱ ጭቃ ሸኮናውን አለስልሶት ስለሚሆን በአስፋልት ላይ ሶምሶማ አያስኪዱት፤ ረግረጉን የሐይቅ ዳርም ያስወግዱ፤ ዋልካ መሬት ውስጥ የሰጠመ እግር በድንገት ሲመዘዝ ጅማት ይላቀቃል።

ልምምዱ በዝቶበት እንደሆነ የሚነግርዎ ሰው አያስፈልግዎትም፤ የልብ ምቱን ይቁጠሩ። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣት ጫን ብለው ወይም ከግራ ክርኑ ኋላ እጅዎን አሳርፈው ለ15 ሴኮንድ ይቆጥሩና በ4 ያባዙት። ሥራው ካበቃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ምቱ ከ60 በታች ካልወረደ የዚያ ቀን ሥራ ከአቅሙ በላይ ነበርና በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱለት።

ክብደትዎን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ጠያቂዎች ይደብቁታል። የፈረስን ክብደት ያለ ሚዛን ለመገመት፣ ከክርኑ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክተው ቁጥሩን በራሱ ያባዙ፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት እንደገና ያባዙና ለ11,880 ያካፍሉት። ዙሪያው 155፣ ርዝመቱ 140 የሆነ ፈረስ በዚህ ስሌት 283 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ የፈረሰኛውና የኮርቻው ክብደት ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት 20 ከመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለዚህ ፈረስ 57 ኪሎ ያህል ማለት ነው። እርስዎ ከነኮርቻው ወደ ሲሶው ይጠጋሉ። የደጋ ፈረሶቻችን ከዚህ የበለጠ ጭነት ተሸክመው ሲሄዱ በየቀኑ እናያለን፤ ሆኖም መሸከም መቻል አንድ ነገር ነው፤ ሳይጎዱ መሸከም ሌላ ነገር ነው። ጭነቱ ወደ 25 እና 30 ከመቶ ሲያድግ የልብ ምቱ ከፍ እንደሚልና ጡንቻው እንደሚታመም ተለክቶ ታይቷል። ስለዚህ ዳማውን ይለኩት። ትንሽ ሆኖ ከተገኘ በጥር የሚወጡበትን ሌላ ግዙፍ ፈረስ ወንድምዎ ከአሁኑ ይፈልግልዎ፤ እስከዚያ ድረስ ጉዞውን ያሳጥሩ፤ አቀበትና ቁልቁለት ላይ ወርደው ይምሩት፤ የራስዎንም ኪሎ በእነዚህ ወራት በጥቂቱም ቢሆን ይቀንሱ።

ሌላው ብርቱ ጉዳይ ቦታው ነው። የደጋ ፈረስ በክረምት መጨረሻ ሐይቅ ዳር ሲገኝ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ለሚባለው ገዳይ ሕመም ይጋለጣል። በሽታውን የሚያስተላልፉት በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ሲሆኑ፣ እርጥበት ባለበት ይራባሉ፤ ከምሽት እስከ ንጋት ይናከሳሉ። ክትባቱ በአገራችን ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ፈረሱ ተከትቦ እንደሆነ ወንድምዎን ይጠይቁ፤ ካልተከተበም የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ በረት ይግባ፤ ጥዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይውጣ። ትኩሳት፣ የዓይን ዙሪያ እብጠት ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ከታየ አንድ ሰዓት እንኳ አይዘግዩ። ውኃውንም ከሐይቁ ዳር ከማጠጣት በባልዲ ቢሰጡት ይሻላል፤ በረጋ ውኃ ዳር አልቅት አፉ ውስጥ ሊገባበት ይችላል። ልምምዱ ሲጨምር ገብስ መስጠት ሲጀምሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያሳድጉት፤ በድንገት የበዛ እህል የሆድ ቁርጠትና የሸኮና ሕመም ያመጣል።

ኮርቻው የድሮው የራስዎ ከሆነ ከመጫኑ በፊት አገላብጠው ይመርምሩት። ለዓመታት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቆዳ ከላይ ደኅና መስሎ ከታጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል፤ በሆዱ ዙሪያ የሚታሰረው ጠፍርና የእርካቡ ማንጠልጠያ በሙሉ ኃይል ተስበው ካልተፈተኑ በግልቢያ መሐል ይበጠሳሉ። የተጠራጠሩትን ይቀይሩ፤ ጠፍር ርካሽ ነው። ከጉዞ በኋላ ኮርቻውን ሲያወርዱ የፈረሱን ጀርባ ይመልከቱ፤ ዙሪያው በላብ ረጥቦ መካከሉ ላይ ደረቅ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ኮርቻው ተጭኖታል ማለት ነው፤ ችላ ካሉት ገጣባ ይሆናል፤ በታኅሣሥ ገጣባ የወጣበት ፈረስ ደግሞ ለጥር አይደርስም።

እርስዎ በኮርቻ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ በፈረሱ ልክ ስለሚያድግ ለብቻው መርሐ ግብር አያስፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሲደክምዎ ሳይሆን ሊደክምዎ ሲል ይውረዱ፤ ጭኑ የዛለ ፈረሰኛ ሚዛኑን በዛብ መጠበቅ ስለሚጀምር የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ ቀጥሎም ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰው ልጓሙን ይዞ እየመራልዎ እግርዎን ከእርካብ አውጥተው በእርምጃ መሄድ ሚዛንን ለመመለስ ከሁሉም የሚሻል ዘዴ ነው፤ ልጅ ሆነው ያለ ኮርቻ ሲጋልቡ የሠሩትን ነው የሚደግሙት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እንጅባራ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚህ ያልከበደዎ ግልቢያ እዚያ ትንፋሽ ያሳጥርዎታል። ስለዚህ እርስዎም ፈረሱም ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ውጡ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናትም ልምምዱን ቀንሱ። በሰልፉ ላይ ከወንድሞችዎ መካከል ሁለቱ በግራና በቀኝ ሆነው እንዲያጅቡዎ ያድርጉ፤ ለጉግሱ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ ከመውለዴ በፊት በየበዓሉ ፈረስ እጋልብ ነበር። ከአራት ወር በፊት በቀዶ ሕክምና ወልጃለሁ፤ ቁስሉ ድኗል። እናቴ «ዓመት ሳይሞላሽ እንዳትሞክሪው» ትለኛለች። እውነት ነው? (ሰ. ነኝ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እኅታችን፣ እናትዎ በጥንቃቄው ልክ ናቸው፤ በጊዜው ግን ትንሽ አበዙት። ላይኛው ቆዳ መዳኑ ውስጡም ድኗል ማለት አይደለምና አስቀድመው ያዋለድዎትን ሐኪም ያስፈቅዱ። ከተፈቀደልዎ በእርምጃ ብቻ፣ በታወቀና ረጋ ባለ ፈረስ ይጀምሩ። ሶምሶማ ከግልቢያ የበለጠ ስለሚያነጥር የመጨረሻው ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። ሲያስነጥስዎ ወይም ሲስቁ ሽንት የሚያመልጥዎ ከሆነ፣ ወይም ከታች የመክበድ ስሜት ካለ፣ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ገና አልጠነከሩም፤ እነርሱን የሚያጠነክረውን የመቋጠርና የመልቀቅ ልምምድ ለጥቂት ሳምንታት ሠርተው ይመለሱ። ከመውጣትዎ በፊት ሕፃኑን ያጥቡ፤ ጡት ሞልቶ መጋለብ ያሠቃያል።

ጥያቄ፦ በፈረስ ላይ ሄልሜት ማድረግ ለከተማ ሰው የመጣ ፋሽን ነው ይሉኛል። የሞተር ሳይክል ሄልሜት አለኝ፤ እርሱ ይሆናል? (ወጣት አንባቢ)

መልስ፦ ፋሽን አይደለም፤ ከፈረስ የሚወድቅ ሰው ከሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ በጭንቅላቱ ሊወርድ ይችላል። የሞተር ሳይክሉ ግን ከባድ ስለሆነ አንገትን ያደክማል፤ ፊትን የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ የጎን ዕይታን ይጋርዳል፤ ከፈረሱ ጆሮ በላይ አሻግሮ ማየት ለሚያስፈልገው ሰው አይመችም። ለፈረስ ግልቢያ የተሠራውን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዲያመጣልዎ ያድርጉ፤ እስኪገኝ ድረስ በልክዎ የሆነና ማሰሪያው በአገጭ ሥር የሚጠብቅ የብስክሌት ሄልሜት ከባዶ ራስ ይሻላል። አንዴ በወደቁበት ጊዜ መሬት የመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ውስጡ ተጨፍልቆ ስለሚሆን እንደገና አያድርጉት፤ ለሌላ ሰውም አይስጡት።